ለማን ነው የምትናገሪው? የለንደን የትወና ስልጠና ማስታወሻ

እሁድ

ስልጠናው ነገ ጠዋት ይጀመራል። የዛሬ ሥራዬ መንገዱን ማወቅ ብቻ ነበር። አክስቴ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ትንሽ ጋደም ብላ፣ ከሰሜን ለንደን እስከ ድራማ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ በባቡር ወሰደችኝ። በየጣቢያው ስሙን ታስነብበኛለች። «ነገ ብቻሽን ነሽ ልጄ፤ አሁን በደንብ እይው» ትለኛለች።

አዲስ አበባ ቴአትር የምማር ተማሪ ነኝ። እዚህ የመጣሁት በየክረምቱ ለወጣት ተዋንያን ለሚሰጥ አጭር ግን ጠንካራ ስልጠና ነው። ከመምጣታችን በፊት ዝርዝር ተልኮልናል። ጥቁር፣ ሰፋ ያለ፣ ጽሑፍ የሌለበት ልብስ። ጂንስ አይፈቀድም። ባዶ እግር። ከሼክስፒር ቴአትር፣ ከኦቴሎ፣ የተመደበልንን ንግግር በቃል ይዞ መምጣት። ለእኔ የደረሰኝ የኤሚሊያ ነው፤ ከአራተኛው ገቢር መጨረሻ። ኤሚሊያ የተንኮለኛው የኢያጎ ሚስት፣ የኦቴሎ ሚስት የዴዝዴሞና ደንገጡር ናት። ዴዝዴሞና በምትገደልበት ሌሊት፣ ልብሷን እያወለቀችላት፣ ሚስቶችም እንደ ባሎቻቸው ስሜት እንዳላቸው ትናገራለች።

ይህን ቴአትር መጀመሪያ ያወቅሁት በአማርኛ ነው፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመለሰው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ነው ያጠናሁት።

ሰኞ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ጫማ ወለቀ። ብራዚላዊት አለች፤ ሁለት ኮሪያውያን፣ አንድ ፖላንዳዊ፣ አንዲት ሕንዳዊት፣ ከዌልስ የመጣ ረጅም ልጅ፣ ሌሎችም። በወጉ ሳንተዋወቅ ወለሉ ላይ በጀርባችን ተኛን። ጉልበት ወደ ላይ ታጥፎ፣ እግር መሬት ረግጦ፣ ከጭንቅላት ሥር ስስ መጽሐፍ። እንዲሁ ሆነን ብዙ ቆየን።

አተኛኘቱ ከአሌክሳንደር ቴክኒክ የመጣ ነው። ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1869 ታዝማኒያ ውስጥ የተወለደ ተዋናይ ነበር። መድረክ ላይ ድምፁ ይዘጋበታል። ሐኪም እረፍት ያዝለታል። ሲያርፍ ይሻለዋል፤ መድረክ ሲወጣ ይመለስበታል። «እንግዲያው ችግሩ ስናገር የማደርገው ነገር ላይ ነው» ብሎ መስታወት ፊት ቆመ። ሊናገር ሲል አንገቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ማንቁርቱን ይጫናል፤ አየር በአፉ ይስባል። ይህን ልማድ መፍታት የዕድሜ ልክ ሥራው ሆነ። በ1904 ለንደን ገባ። ትምህርቱ ዛሬም እዚህ የድራማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አለ።

ወለሉ ላይ ተኝቼ ይህን ስሰማ አገር ቤት ያሉትን አሰብኩ። ከትርዒት በፊት ማርና ዝንጅብል ይዘው ከጉሮሯቸው ጋር የሚታገሉ ስንት ተዋንያን አውቃለሁ! ጉሮሮ ግን የመጨረሻው ጣቢያ ነው። ነገሩ የሚጀመረው ከጎን አጥንት፣ ከሆድ፣ ከወገብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሠራነው ይህንኑ ነው። እጅ ጎን ላይ አድርጎ አየሩ የት እንደሚደርስ መሰማት። ሆድን መልቀቅ። ከንፈር እስኪያሳክክ «እምምም» ማለት።

ከሰዓት በኋላ ንግግራችንን እንድንጀምር ተጠየቅን። የእኔ ተራ ሲደርስ የድምፅ መምህሯ የዌልሱን ልጅ ክፍሉ ጥግ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ እንዲቆም አደረገችው። «ለእኔ ነው የምትናገረው ብለህ ስታምን ብቻ እጅህን አንሳ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «ድምፅሽ ክፍሉን ይሞላል። ግን ለማን ነው የምትናገሪው?» አለች። እጁ አልተነሳም። ደገምኩት፤ አልተነሳም። መጮህ ትቼ ማጅራቱን፣ የጆሮውን ጫፍ ማየት ጀመርኩ። እርሱን ብቻ ፈልጌ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገርኩ። እጁ ቀስ ብሎ ወጣ።

ማታ ለአክስቴ ስነግራት «ይኸ ለስልክም ይሠራል፤ ሰው ሳይሰማ ነው የሚያወራው» አለች።

ማክሰኞ

የሰውነት እንቅስቃሴ ቀን። ሩዶልፍ ላባን የዳንስ ሰው ነው፤ በ1879 በዛሬዋ ብራቲስላቫ ተወለደ። ናዚዎች ሥራውን ሲከለክሉበት ከጀርመን ወጥቶ እንግሊዝ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካ እየገባ ሠራተኞች ሲያነሱ፣ ሲገፉ፣ ሲያዞሩ ጉልበታቸውን እንዴት እንደሚያወጡ አጠና። ለማንኛውም እንቅስቃሴ ሦስት ጥያቄ አለው። ክብደቱ ጠንካራ ነው ወይስ ቀላል? ጊዜው ድንገት ነው ወይስ የቆየ? አካሄዱ ቀጥ ያለ ነው ወይስ የሚጠማዘዝ? እነዚህ ሲዋሃዱ ስምንት ዓይነት እንቅስቃሴ ይሰጣሉ።

መምህሩ ስምንቱን ሰሌዳ ላይ አልጻፈም። «በየአገራችሁ እጅ የሚሠራውን ሥራ አምጡልኝ» አለ። እኔ እንግዲህ የተወለድኩት በጓዳ ሥራ መካከል ነው። ተነሣሁ።

ቡና ወቀጥኩ። ሙቀጫም ዘነዘናም የለም፤ ክንዴ ግን ያውቀዋል። ጠንካራ፣ ድንገተኛ፣ ቀጥ ያለ። ልብስ ጨመቅሁ። ጠንካራ፣ የቆየ፣ የሚጠማዘዝ። ሊጥ አቦካሁ፤ ቁጥቋጦ በገጀራ መነጠርኩ። እህል በሰፌድ አነፈስኩ፤ አንጓ ቀለል፣ ድንገት፣ ወዲያና ወዲህ። ምጣድ በማሰሻ ወለወልኩ። ሊጥ ከምጣዱ ዳር ጀምሬ እያዞርኩ ወደ መሃል አፈሰስኩ። እዚህ ላይ ክርክር ተነሣ። መምህሩ ይህ ቀጥ ብሎ የሚንሸራተት ነው አለ። እኔ የሚንሳፈፍ ነው አልኩ፤ ምጣዱ ክብ ነው፣ እጁም ቀጥ ብሎ ሄዶ አያውቅም። ክፍሉ በሙሉ ተነሥቶ በሌለ ምጣድ ላይ እንጀራ ጋገረ። በመጨረሻ ከእኔ ጋር ተስማማ።

ቀጥሎ እጃችንን አሳርፈን እንቅስቃሴውን ወደ ድምፅ ወሰድነው። የኤሚሊያን የመጀመሪያ መስመር በሚወቅጥ ድምፅ። ከዚያ በሚጨምቅ። ከዚያ በሚያነፍስ። ያው ቃል፣ ሦስት የተለያዩ ሴቶች ሆነው ወጡ። እናቴ ቡና ስትወቅጥ ተናዳ እንደሆነ ሳሎን ተቀምጠን ከዘነዘናው ድምፅ እናውቅ ነበር። ገጸ ባሕርይ እዚያ ውስጥ እንደሚገኝ ማንም አልነገረኝም።

አገራችን ውስጥ ተዋናይ ሲሠለጥን ስለ ስሜት ብዙ ይነገራል። «ይሰማሽ» ይባላል። እንዴት እንደሚሰማኝ ግን እንጃ። እጄን ወደ ሥራ ስልከው ግን ስሜቱ ሳልጠራው ይመጣል። በእኔ እምነት ለእኛ ትምህርት ቤቶች ከዚህ የቀረበ መንገድ የለም። ዕቃው ሁሉ ቤታችን ነው።

ረቡዕ

ጎኔ፣ ጭኔ፣ እግሬ፣ የማላውቀው ጡንቻ ሁሉ ታመመ።

ዛሬ የመድረክ ድብድብ ነበር። ጥፊ እንዴት ሳይነካ እንደሚመታ። ደንቡ ቀላል ነው። ከመምታት በፊት ዓይን ለዓይን መተያየት። ርቀት መጠበቅ። ድምፁን ተመልካች በማያየው እጅ ማውጣት። ፀጉር ሲጎተት የሚቆጣጠረው ተጎታቹ ነው እንጂ ጎታቹ አይደለም። እኛ ጋ «እውነት እንዲመስል» ተብሎ እውነተኛ ጥፊ የቀመሱ ተዋንያን ብዙ ናቸው። ይህ ሊቀር ይገባዋል። ተመቺው እንዳይጎዳ ሲሠራ ትርዒቱ አይቀንስም፤ እንዲያውም ዛሬ የፖላንዱ ልጅ ሲወድቅ ክፍሉ በሙሉ ጮኸ።

ሐሙስ

የግጥም ቀን። ስጠብቀው የነበረ።

የሼክስፒር መስመር አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀለም ነው፤ ቀለም የምለው በአንድ ምት የሚነገረውን የቃል ቁራጭ (ሲለብል) ነው። ቀላል ከባድ፣ ቀላል ከባድ እያለ አምስት ጊዜ ይረግጣል። አንዳንዴ 11 ይሆናል፤ ያኔ ተናጋሪው እርግጠኛ አይደለም፣ ወይም የሚለው ነገር ሞልቶ ፈሶበታል። ኤሚሊያ ላይ እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉ። መጀመሪያ እያጨበጨብን ሄድን። ከዚያ ሲሲሊ ቤሪ ያስፋፋችውን ልምምድ ሠራን። ቤሪ ከ1969 ጀምሮ የሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የድምፅ ኃላፊ የነበረች ሴት ናት። እየተራመድሽ ትናገሪያለሽ፤ ነጠላ ሰረዝም ሆነ አራት ነጥብ በደረሰ ቁጥር አቅጣጫ ትቀይሪያለሽ። የኤሚሊያ ሐሳብ ስንት ጊዜ እንደሚታጠፍ ያወቅሁት በእግሬ ነው። ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ራሷ ትመልሳለች፤ እንደገና ትጠይቃለች።

ከምሳ በኋላ እያንዳንዳችን በየቋንቋችን ግጥም እንድናቀርብ ተጠየቅን። የአማርኛን አሠራር አስረዳኋቸው። እኛ የምንቆጥረው ቀለም ነው፤ መሃል ላይ ደግሞ ማረፊያ አለ። ቡሄ በሉ የሚባለው የግጥም ዓይነት 4 እና 4። የወል ቤት 6 እና 6። ሰንጎ መገን 5 እና 5፤ ድምሩ 10። «ይኸውላችሁ፣ እኛም 10 አለን» አልኳቸው። አውቶቡስ ውስጥ የቋጠርኳትን አሰማሁ፦

አገር ምን ይላል / ወንዙ ሲጎድል፣
እንስራሽ ባዶ / ሲሆን ያንች ዕድል።

ልዩነቱ ወዲያው ተሰማ። የእኛ መስመር መሃል ላይ ወገቡን ያሳርፋል። የእንግሊዝኛው ሳያርፍ እስከ መጨረሻው ቃል ይገፋል፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ጫፍ ላይ ነው። የእኔ ጆሮ ግን በአምስተኛው ቀለም ላይ እረፍት ይፈልጋል። መምህሯ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሼክስፒር ራሱ መሃል ላይ የሰበራቸውን መስመሮች አወጣችልኝ። «እዚህ እዚህ ያንቺ ጆሮ ከእኛ ይሻላል። ሌላው ላይ ግን እስከ ጫፍ ሂጂ» አለችኝ።

ከዚያ የጸጋዬ ቤት የሚባለውን ነገርኳቸው። 8 እና 8፤ በአንድ መስመር 16 ቀለም። በቃሌ የያዝኩትን ከጸጋዬ ግጥም ማለት ጀመርኩ። መምህሯ አስቆመችኝ፤ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ «ጎንሽን ክፈቺ፣ እንደገና» አለች። 16ቱን በአንድ ትንፋሽ ሄድኩባቸው። ቀጣዩንም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ጸጋዬ የጻፈው ለትልቅ ሳንባ ነው። ተዋናዩ ካልሠለጠነ መስመሩ መንገድ ላይ ይቀራል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ የሚደርሰን በተሰጥኦ ብቻ አልነበረም። ትንፋሹን የት እንደሚያስቀምጥ የሚያውቅ ሰው ነበር።

ዓርብ

ጠረጴዛ፣ እርሳስ፣ ላጲስ። ዛሬ ማንም አልቆመም።

ስታኒስላቭስኪ በ1898 ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ አርት ቴአትርን ያቋቋመው ሰው ነው። አዲስ አበባም ስሙን ሳንጠራ አንውልም። «ገጸ ባሕርይዋ ምን ትፈልጋለች?» የሚለው ጥያቄ ከእርሱ ነው። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ ማክስ ስታፎርድ ክላርክ የሚባል አዘጋጅ ጥያቄውን እስከ ጥጉ ወስዶታል። ለእያንዳንዷ ሐሳብ አንድ ግሥ ይጻፋል። ግሡ ሌላው ሰው ላይ አንድ ነገር ማድረግ አለበት። አጽናናታለሁ። አነቃታለሁ። እገፋታለሁ። አስቃታለሁ። «አዝናለሁ» ብለሽ ብትጽፊ ይሰረዛል፤ ያ ያንቺ ጉዳይ ነው፣ ዴዝዴሞና ላይ ምንም አላደረገም።

ቀኑን ሙሉ ጽፈን ሰረዝን። አድካሚ ነው። ጠዋት «ቁጡ ንግግር» ይመስለኝ የነበረው ግን ማታ ላይ አንዲት ሴት ሌላዋን ከእንቅልፍ ለመቀስቀስ የምታደርገው ጥረት ሆኗል። የሰኞው ጥያቄ በሌላ በር ተመልሶ መጣ። ለማን?

ቅዳሜ

ግሎብ፣ የሼክስፒር ቴአትር ቤት። ከቴምዝ ወንዝ ዳር ነው። የመጀመሪያው በ1599 ተሠራ። በ1613 በትርዒት መሃል ከተተኮሰ መድፍ እሳት የሣር ክዳኑን ይዞ አቃጠለው። የዛሬው በ1997 የተከፈተ ነው። ሕልሙ የአሜሪካዊው ተዋናይ የሳም ዋናሜከር ነበር፤ እርሱ ግን በ1993 ስለሞተ ሲከፈት አላየውም። ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ለንደን ውስጥ የሣር ክዳን የተፈቀደለት የመጀመሪያው ሕንጻ ይህ ነው። ጎጆ ቤት አውቃለሁ፤ የለንደን ሣር ክዳን ግን ቀና ብዬ ብዙ አየሁት።

መሃሉ ክፍት ነው። ለቆመ ተመልካች 700 ያህል ቦታ አለው፤ ርካሹም ትኬት እርሱ ነው። ተማሪዎች ሁላችንም ግንባር ላይ፣ የመድረኩን ጠርዝ በክርናችን ተደግፈን ቆምን። መቀመጥ የለም። ዣንጥላ መዘርጋት አይፈቀድም። በሁለተኛው ክፍል ዝናብ መጣ፤ ኮፍያችንን አድርገን ቆየን።

ያስደነገጠኝ ብርሃኑ ነው። ቀን ነው። ተዋናዩ እኛን ያየናል። ጥቁር አዳራሽ ውስጥ ወደ ማይታይ ሰው የሚናገር የለም። አንዲት ተዋናይት ብቻዋን ቀርታ ጥያቄ ጠየቀች፤ ጥያቄውን የጠየቀችው ከጎኔ ያሉትን አሮጊት ነው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ተዋናይቷ ያንን መልስ ተቀብላ ወደሚቀጥለው መስመር ሄደች። ሼክስፒር ለብቻ የሚነገሩትን ንግግሮች የጻፈው እንዲህ ላለ ቤት ነው። ለብቻ የሚነገር ነገር ኖሮም አያውቅ። ሁልጊዜ ሰው አለ።

እኛ ጋ ተመልካች ከወንበሩ «ኧረ አትስማው!» እያለ ይጮሃል። አንዳንድ መምህራን ይህን ያለመሠልጠን አድርገው ያዩታል። እኔ ዛሬ ግሎብ ቆሜ የአዲስ አበባን ተመልካች አከበርኩት። የአዝማሪ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ግጥሙ የሚወጣው ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ነው። ይህ ሀብት ነው፤ ልንጠቀምበት ይገባል።

እሁድ

ጠዋት ከአክስቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን። ቡና። ድርቆሽ ፍርፍር።

ከሰዓት በኋላ ስሎን አደባባይ ሄድን። ሮያል ኮርት ቴአትር ከባቡር ጣቢያው በር ጎን ነው። ጸጋዬ እ.ኤ.አ. በ1959 የዩኔስኮ የትምህርት ዕድል አግኝቶ የመጣው እዚህ ነው። ገና ወጣት ነበር። ቤቱን ከ1956 ጀምሮ ጆርጅ ዴቫይን ይመራው ነበር፤ አዲስ ጸሐፊዎችን ማውጣት ዋና ሥራው ነበር። ጸጋዬ ከዚህ ወደ ፓሪሱ ኮሜዲ ፍራንሴዝ ሄደ። አገሩ ተመልሶ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መራ፤ ከሼክስፒር ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መለሰ። ከአምቦ አካባቢ ተነሥቶ በዚህ በር የገባውን ወጣት ለማሰብ ሞከርኩ። ምን አየ? ማንን አናገረ? የወሰደውን እናውቃለን፤ ሥራዎቹ ውስጥ አለ።

አክስቴ በሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ስታነብ ቆየች። ለንደን ስትኖር ዓመታት ሆኗታል፤ ቴአትር ገብታ ግን አታውቅም። «ለእኛ የተከፈተ አይመስለኝም ነበር» አለች። ዓርብ ለስልጠናው መዝጊያ ማሳያችን እንደምትመጣ ቃል አስገባኋት።

ሰኞ እና ማክሰኞ

ሁለቱ ቀናት ተቀላቅለውብኛል፤ ጠዋትም ማታም ልምምድ።

ዴዝዴሞናዬ ብራዚላዊቷ ናት። ልብሷን እያወለቅሁላት መናገር አለብኝ። እኛ የምንለብሰው ግን ቁልፍም መርፌም የሌለው ጥቁር ሹራብ ነው። አዘጋጇ «እጅሽ እውነተኛ ሥራ ያስፈልገዋል። አንዲት ሴት ሌላዋን ለመኝታ ስታዘጋጅ አገርሽ ምን ታደርጋለች?» አለችኝ። አላሰብኩም። ከኋላዋ በርከክ ብዬ ሹሩባዋን መፍታት ጀመርኩ። አልተሠራችም ነበር። እንግዲያው በእረፍት ሰዓት ቁጭ አድርጌ ሠራኋት፤ ከሰዓት በኋላ ፈታሁት። ማክሰኞም እንደዚያው።

ሹሩባ ስትፈቺ አትቸኩይም፤ ከቸኮልሽ ያማታል። ጣትሽ ጫፉን ፈልጎ ያገኛል፤ አንዷን ፈትተሽ ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። የኤሚሊያ ጥያቄዎች ከጣቴ ጋር ሄዱ። አንድ ጉንጉን፣ አንድ ጥያቄ። መልሱ ላይ እጄ ይቆማል። ከዚያ ለባሎች የምትለውን ስትደርስ ፀጉሩን ሳብ አደረግሁት፤ ትንሽ ብቻ፣ በረቡዕ ደንብ። ብራዚላዊቷ ዞራ አየችኝ። ይህ መዞር በጽሑፉ የለም። አዘጋጇ ግን «ያዙት!» አለች።

ዓርብ የጻፍኳቸው ግሦች ግማሾቹ እዚህ ተቀየሩ። «አነቃታለሁ» ያልኩት «እደባብሳታለሁ» ሆነ። ላጲሱ የተሰጠን ለዚህ ነው።

ረቡዕ

የደረጃ ጨዋታ። ኪት ጆንስተን በ1950ዎቹ መጨረሻ ሮያል ኮርት እየሠራ የጀመራቸው ልምምዶች ናቸው፤ ጸጋዬ በመጣበት ዘመን ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው ሲቆም፣ ሲቀመጥ፣ ዓይኑን ሲያነሣ ራሱን ከሌላው በላይ ወይም በታች ያደርጋል። ደረጃ የምትሠሪው ነገር ነው። ሎሌ ንጉሡን ሊበልጠው ይችላል።

ለኢትዮጵያዊ ይህ ማብራሪያ አያሻውም። ትልቅ ሰው ሲገባ መነሣት። ቀኝን በግራ እጅ ደግፎ መስጠት። ጎንበስ ብሎ እጅ ማስታጠብ። ሠርቼ አሳየሁ፤ ሁሉም ያዙት። ከዚያ በኤሚሊያ ሞከርነው። ጎንበስ ብላ ትጀምራለች። እየተናገረች ወገቧ ቀና ይላል። የንግግሩ መጨረሻ ላይ ደንገጡሯ ቆማ እመቤቷ ተቀምጣለች፤ ማንም ልብ ሳይል ቦታ ተለዋውጠዋል።

ሐሙስ

የልብስ ልምምድ። በእረፍት ላይ የታሪክ መምህሩ ስለ አይራ አልድሪጅ ነገረን። በ1807 ኒው ዮርክ የተወለደ ጥቁር ተዋናይ ነው። አሜሪካ መድረክ ስላልሰጠችው ገና በአፍላነቱ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። በ1833 ታዋቂው ተዋናይ ኤድመንድ ኪን ኦቴሎን ሲጫወት መድረክ ላይ ታሞ ወደቀ። በኮቨንት ጋርደን በእርሱ ቦታ የተተካው አልድሪጅ ነበር። አንዳንድ የለንደን ጋዜጦች በቆዳው ቀለም ዘለፉት። ሁለት ምሽት ብቻ ተጫውቶ ቀረ። እርሱ ግን አልተወም። በመላው አውሮፓ ዞረ፣ ነገሥታት ሸለሙት፤ በ1867 በጉዞ ላይ እንዳለ ፖላንድ፣ ዉጅ ከተማ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። የፖላንዱ ልጅ መቃብሩን እንደሚያውቀው ነገረን።

ከዚያ ተነሥተን ኦቴሎን ተለማመድን። እስከ ዛሬ እንደዚያ አድርገን አልሠራነውም።

ዓርብ

ማሳያው ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነበር። አዘጋጇ የተመልካቹን መብራት አላጠፋችም። አክስቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

ሹሩባውን ፈታሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ለዴዝዴሞና ጠየቅሁ። ሚስቶች ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ ጣፋጩን ከመራራው ይለያሉ ወደሚለው ስደርስ ቀና አልኩና ሴቶቹን ፈለግሁ። አንዷ ራሷን ነቀነቀች፤ እርሷን ይዤ ሄድኩ። የሚቀጥለውን ለአክስቴ ሰጠሁ። ከንፈሯን ነከሰች፤ ጠበቅሁ፤ ቀጠልኩ። ትንፋሼ እስከ መስመሩ ጫፍ ደረሰ። በሁለት ቦታ ብቻ፣ በሰንጎ መገን ጆሮዬ፣ መሃል ላይ አረፍኩ።

ከትርዒቱ በኋላ አክስቴ «እኔን ነው ያልሽኝ፣ አይደል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንግሊዝኛው ሁሉ አልገባኝም። ግን እኔን እንዳልሽኝ አውቄያለሁ። ምን ልልሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?» ብላ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ስለ ትዳሯ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። ያ የእርሷ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

የድምፅ መምህሯ የሰጠችኝ አስተያየት አጭር ነው። በየቀኑ ወለል ላይ ተኚ። ከመናገርሽ በፊት አንገትሽን አትያዥ። ጸጋዬን በአንድ ትንፋሽ ማለት አታቁሚ።

ቅዳሜ

ሂትሮው። በረራው ማታ ስለሆነ ጊዜ ነበረኝ። ለክፍል ጓደኞቼ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው። ትምህርት ቤታችን ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባዶ የሚሆን ክፍል አለው። ከክፍል በፊት በየቀኑ እንገናኝ፤ ትንፋሽ፣ ከዚያ የቤት ሥራ እንቅስቃሴ፣ ከዚያ ግጥም። ከየወል ቤት እንጀምርና በየሳምንቱ ወደ 16 ቀለም እንውጣ። ማንም ብቻውን ግድግዳ እያየ አይለማመድም፤ ሁለት ሁለት ሆነን፣ አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ።

ወዲያው መለሱ። አንዱ ቁልፉን ከጥበቃው እንደሚጠይቅ ጻፈ። ሌላዋ ምንጣፍ እንዳላት። አንዱ ምን እንልበስ አለ። ሰፊ ልብስ፣ ጂንስ አይሆንም፣ ስስ መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ አልኳቸው። ሰኞ እንጀምራለን።